ሁለት መታ፣ አራት ቀረው

ሰውዬው ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፤ ሱሪውን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ ወንዝ ውስጥ ገባ። ቀኑ ሐምሌ 11 ቀን 1991 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ሐምሌ 18 ቀን 1999። ስሙ ዣን ቫን ደ ቬልድ፣ አገሩ ፈረንሳይ። ጥቂት ቀደም ብሎ በጎልፍ ዓለም ከሁሉ የቆየው ውድድር፣ የብሪታንያ ኦፕን ዋንጫ፣ እጁ የገባ ያህል ነበር። በፈረንጆቹ ከ1907 ወዲህ ያንን ዋንጫ ያነሳ ፈረንሳዊ አልነበረም።

ቦታው ካርኑስቲ ነው፤ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከደንዲ ከተማ አጠገብ። ሜዳው በባሕሩና በእርሻው መካከል በተዘረጋ አሸዋማ መሬት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሜዳ ሊንክስ ይሉታል። ነፋሱን የሚመክት ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ባሪ በርን የሚባል ጅረት ደግሞ እየተጠማዘዘ የመጨረሻዎቹን ጉድጓዶች ያቋርጣል። ጎልፍ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይበቃል፦ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ያሸንፋል። በዚያ ዓመት መሄጃው ጠብቦ፣ የዳር ሳሩ ረዝሞ ስለነበር በአራቱ ቀን ውድድር ለሜዳው ከተወሰነው የምት ቁጥር በታች የጨረሰ አንድም ሰው አልተገኘም።

ቫን ደ ቬልድ የመጨረሻው፣ 18ኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ ሲቆም በ3 ምት ይመራ ነበር። ጉድጓዱ 445 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደንቡ 4 ምት ነው። እሱ ግን በ6 ቢጨርስም ዋንጫው የእሱ ነው። ረዥሙን ዱላ መዘዘና መታ። ኳሷ ወደ ቀኝ ሸሸች፤ ደግነቱ ደረቅ መሬት ላይ አረፈች። ሁለተኛውን ምት አጭር አድርጎ ከጅረቱ ወዲህ ማቆም ይችል ነበር። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ላከው። ኳሷ የተመልካቾቹን መቀመጫ ብረት መታች፣ ወደ ኋላ ነጥራ የጅረቱን የድንጋይ ግንብ መታች፣ ከዚያም ጥቅጥቅ ያለ ረዥም ሳር ውስጥ ተቀበረች።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው የመጀመሪያውን ምት ነው። እኔ አልስማማም። የመጀመሪያው ምት አልጎዳውም። ሁለተኛው ድፍረት ነበረበት፤ ሆኖም ኳስ ከብረት ነጥራ፣ ከድንጋይ ነጥራ ሳር ውስጥ መግባቷን ማን ሊገምት ይችላል? ጥፋቱ ያለው ሦስተኛው ምት ላይ ነው። እስቲ እንቁጠር፦ ሁለት መትቷል፣ ለማሸነፍ አራት ቀርተውታል። ኳሷን ከሳሩ ወደ ጎን አውጥቶ ንጹሕ ቦታ ላይ ቢያሳርፋት ሦስት። ጅረቱን አሻግሮ ጉድጓዱ አጠገብ ቢያደርሳት አራት። ቀስ ብሎ በሁለት ቢያስገባት ስድስት፤ አለቀ። ወደ ጎን መምታት ግን ወደ ኋላ እንደ መሄድ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ወደ ጎን መምታት ቀላል አይደለም። ወደ ፊት መታ። ሳሩ ዱላውን ያዘበት። ኳሷ ባሪ በርን ውስጥ ገባች።

ጫማውን ያወለቀው ያኔ ነው። ውኃው ውስጥ ቆሞ ኳሷን አያት፣ ከዚያው ሊመታት አሰበ፤ ኋላ ግን ትቶ ወጣ። ይህን መውጣቱን አከብርለታለሁ። አንድ የቅጣት ምት ተቀበለ፣ አምስተኛው ምት አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ በስድስተኛው ከአሸዋው አወጣ፣ ሰባተኛውን ከሁለት ሜትር ገደማ አስገባ። ያ ሁሉ ከደረሰበት በኋላ ያቺን ኳስ ማስገባት የጀግና ሥራ ነው። ግን ሰባት ነው፤ መሪነቱ ቀረና ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ሆነ።

እኔም እንዲህ ያለ ሦስተኛ ምት መትቻለሁ። የምኖረው ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ነው። እዚህ ሆቴልና ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ሸቀጥ የሚያመጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ በይፋ በ3 ፓውንድ ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 18 ተኩል ደረሰ። ሣጥኔ ውስጥ የነበረው ፓውንድ ነው። የዚያን ዕለት ኪሳራ የእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ከብረት የነጠረች ኳስ ናት። ጥፋቴ በማግስቱ ያደረግሁት ነው። ሱቄ እንዳለ ነበር፣ የቤት ኪራዩ ተከፍሏል፣ ዱቄትና ዘይቱ ሦስት ወር ያዘልቀኝ ነበር። እያነሱ እየሸጡ ቀስ ብሎ መውጣት ይቻል ነበር። እኔ ግን የጠፋውን ባንድ ጊዜ ላስመልስ ብዬ ተበደርሁና ሁሉንም ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ በሚመጣ አንድ ጭነት ላይ አፈሰስሁት። ጭነቱ ሲደርስ የሚገዛው ሰው አቅም አልነበረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት እናቴ ስንቴ ነግራኛለች! የብብቴን ቁጭ ብዬ የቆጠርሁበት ቀን ግን አልነበረም። ከውኃው ለመውጣትም ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ወደ ካርኑስቲ ልመለስ። እኩል ከሆኑት ሁለቱ አንዱ አሜሪካዊው ጀስቲን ሌናርድ፣ ሌላው የአበርዲኑ ልጅ ፖል ላውሪ ነበሩ። ላውሪ በዓለም ደረጃ 159ኛ ነበር፤ ወደ ውድድሩ የገባውም በማጣሪያ ነው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከመሪው በ10 ምት ርቆ ተነሳና በ67 ጨረሰ። ከዚያ በኋላ እጁ ላይ የቀረው መጠበቅ ነበር። አራት ጉድጓድ የሚጫወቱበት መለያ ሲመጣ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጉድጓዶች እያንዳንዳቸውን ከደንቡ በአንድ ምት አሳንሶ ጨረሰና ዋንጫውን ወሰደ። ሰው ግን እስከ ዛሬ ስለ ፈረንሳዊው እንጂ ስለ እሱ እምብዛም አያወራም፤ ይህ ቅር ይለኛል።

በዚህ ሰፈር በዚህ ዓመት የከሰራችሁ ወንድሞችና እህቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብድር ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ያላችሁን ቁጠሩ። ቫን ደ ቬልድንም አበቃለት ብላችሁ አትዘኑለት። ከሁለት ወር በኋላ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 1999፣ አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አጠገብ በተደረገው የራይደር ካፕ ውድድር ለአውሮፓ ቡድን ተሰልፎ ተጫውቷል፤ ፖል ላውሪም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበር።