ውልና ውለታ

አንድ ሰው ነጻ ወጣ የምንለው መቼ ነው? አለቃው ሲለቀው ነው? የፈረመው ወረቀት ጊዜው ሲያበቃ ነው? ወይስ ማንም ሳያስገድደው ለማን ምን እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ሲጀምር? ጥያቄው ከፍልስፍና ክፍል የወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ባልታሰበ ቦታ፣ በገበያ መካከል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዛሬ ጥያቄውን የምናይበት ታሪክ ሬዲዮሄድ የተባለ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ታሪክ ነው። ዘፈኖቹን መውደድም ሆነ መስማት አይጠበቅባችሁም፤ የሆነውን አብረን ብንመዝን ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 መጀመሪያ ባንዱ አዲሱ አልበሙ እንዳለቀና በቀናት ውስጥ እንደሚወጣ በአጭር መልእክት አስታወቀ። አልበሙ “ኢን ሬይንቦውስ” ይባላል። ኦክቶበር 10 ቀን ሲወጣ ከጀርባው አንድም አሳታሚ ኩባንያ አልነበረም። ሰው ሁሉ ከባንዱ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ማውረድ ይችል ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የዋጋው ነገር ነው። ዋጋ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። ገዢው ያሻውን ቁጥር ይሞላል፤ ዜሮ ብሎ መሙላትም ይችላል። ስንት ልክፈል ብሎ ለሚጠይቅም፣ ውሳኔው የራሱ እንደሆነ ይነገረዋል።

ይህ እርምጃ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። አምስቱ አባላት የተገናኙት ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው በአቢንግደን፣ ተማሪዎች ሳሉ ነበር። የሚለማመዱት ዓርብ ዓርብ ስለነበረ ባንዱን “ኦን ኤ ፍራይደይ” ብለውት ነበር፤ “ዓርብ ዕለት” እንደ ማለት ነው። በ1991 ኢኤምአይ ከተባለው ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር የስድስት አልበም ውል ፈረሙ። ኩባንያው ስማቸውን እንዲለውጡ ጠየቀ፤ እነርሱም ሬዲዮሄድ ተባሉ። ውሉ መጀመሪያ የነካው ስማቸውን ነው ማለት ይቻላል።

የእንዲህ ዓይነቱ ውል አሠራር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ኩባንያው ለሙዚቀኞቹ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። የስቱዲዮውን፣ የማስታወቂያውን፣ የማባዛቱንና የማከፋፈሉን ወጪ ይችላል። ቅድሚያው ገንዘብና የቀረጻው ወጪ ከሙዚቀኞቹ የሽያጭ ድርሻ ላይ እየተቆረጠ ይመለሳል። ማስተር የሚባለው ዋናው ቅጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሙዚቀኛ ዕዳውን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላም የገዛ ድምፁ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ቤት ሠርቶ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው እጅ እንደ መቅረት ነው።

ሆኖም ኩባንያውን ለመኮነን አንቸኩል። ማንም የማያውቃቸው አምስት ወጣቶች በዓለም ዙሪያ የተሰሙት ችሎታ ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ገንዘቡን አደጋ ላይ ጥሎላቸዋል። በ1993 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በአንድ ዘፈን ብቻ ነበር። ሁለተኛው በ1995፣ ሦስተኛው በ1997 ተከተለ። ባንዱ ከታላላቆቹ ተርታ የተቆጠረው በሦስተኛው አልበም ነው። እስከዚያ ድረስ ወጪ የሚያደርግና የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ስድስተኛው አልበም በ2003 ወጣ፤ ውሉም ተፈጸመ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ባንዱ ዝነኛ ስለሆነ ወረቀቱን ቀድዶ አልሄደም፤ ስድስት ብሎ ፈርሞ ስድስት አስረከበ። ከዚያ በኋላ በ2007 ኢኤምአይ ራሱ ቴራ ፈርማ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጠ። ባንዱ ከኩባንያው ጋር ስለ መቀጠል ሲነጋገር ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ፣ የቀድሞ ሥራዎቹ ወደፊት እንዴት እንደሚውሉ እርሱም ድምፅ እንዲኖረው ነበር። ስምምነት አልተገኘም። ሁለቱ ወገኖችም የተለያዩበትን ምክንያት ለየቅል አወሩ።

ታዲያ ይህ ውለታ ቢስነት ነው? ይህን ቃል የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በቋንቋችን ውልና ውለታ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ውል ይጻፋል፣ ይቆጠራል፣ ምስክር ይቆምለታል፣ ሲፈጸምም ያበቃል። ውለታ አይጻፍም። ልኩን የሚያውቀው የተቀበለው ሰው ሕሊና ነው። ውልን ያፈረሰ በዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ውለታን የረሳ ግን ሰው ይታዘበዋል እንጂ ማንም አይከስሰውም።

“ያሳደገህን ኩባንያ እንዴት ትተህ ትሄዳለህ?” የሚል ሰው ክርክሩ ከባድ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ውለታ የሚዋለው በሰው ነው። በ1991 በእነዚያ ወጣቶች ላይ እምነት የጣሉት ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ በ2007 ወረቀቱን በእጁ የያዘው ድርጅት ሌላ ነው። ኩባንያ ሲሸጥ ውሎቹ አብረው ይሸጣሉ። ውለታ ግን እንደ ዕቃ ከባለቤት ወደ ባለቤት አይተላለፍም። ሁለተኛ፣ ውለታ በግድ ሲጠየቅ መልኩን ይለውጣል። “አብልቼሃለሁና ዕድሜህን ሁሉ አገልግለኝ” የሚል ሰው ያበላውን ምግብ ወደ ብድር ለውጦታል። ባንዱ ታግዞ ማደጉን ቢክድ ኖሮ ውለታ ቢስ ይባል ነበር። ውሉን ፈጽሞ፣ በገዛ ሥራው ላይ ድምፅ ጠይቆ፣ ሲከለከል በሰላም መለየቱ ግን ከዚያ ይለያል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ሙዚቀኞቹ ነው። ከባዱ ጥያቄ ግን ያለው በአድማጩ በኩል ነው። ኩባንያው ከመካከል ሲወጣ የፍትሕ ጥያቄ አብሮት አልሄደም፤ በባዶው ሳጥን ፊት ወደ ተቀመጠው ሰው ተሻገረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዋጋውን ሌላ ሰው ይተምንለት ነበር። “ተወደደ” ብሎ ማማረርም ይችል ነበር። አሁን የሚያማርርበት ሰው የለም።

ሰዎች ምን አደረጉ? አንድ የጥናት ድርጅት ካወረዱት መካከል 62 በመቶው ምንም አልከፈሉም አለ፤ ባንዱ ይህ ቁጥር ትክክል አይደለም ብሎ ተቃወመ። በዚያው ዓመት ሌላ ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው ባንድ መሪ ትሬንት ሬዝነር፣ ሶል ዊልያምስ የተባለውን ድምፃዊ አልበም በነጻ ወይም በ5 ዶላር እንዲወርድ ከእርሱ ጋር ሆኖ አቀረበ። ውጤቱንም ራሱ በግልጽ ተናገረ። ከ154,449 ሰዎች የከፈሉት 28,322 ብቻ ነበሩ። ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አልሞላም።

ያልከፈሉትን ምን እንበላቸው? ሌቦች ማለት አንችልም፤ ባለቤቱ ፈቅዷልና። ነገር ግን “ተፈቅዷል” ማለትና “ይገባል” ማለት አንድ አይደለም። ግብዣ ስንጠራ ጋባዡ “እንደ ቤታችሁ” ይለናል። ይህን ሰምቶ መሶቡን ተሸክሞ የሚወጣ እንግዳ የለም። ሕግ ስለሚከለክለው አይደለም፤ የተሰጠው ፈቃድ በመተማመን ላይ እንደቆመ ስለሚያውቅ ነው።

የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው። “ገንዘብ የለኝም” የሚል ሰው እውነቱን ከሆነ ዜሮ የተፈቀደው ለእርሱ ነው፤ ሳያፍር ይውሰድ። “መጀመሪያ ልስማውና እወስናለሁ” የሚልም ተመልሶ ከመጣ ታማኝ ነው። የተመለሱም ብዙ ነበሩ። አልበሙ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ በትናንሽ አሳታሚዎች በኩል በሲዲ ሲወጣ፣ ለሁለት ወር ያህል በነጻ ሲገኝ የቆየ ሥራ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። “እነርሱ ሀብታሞች ናቸው” የሚለው ምክንያት ግን አይቆምም። ባለጸጋ ሐኪም አክሞን “አንተማ አለህ” ብለን ሳንከፍል አንወጣም። የሥራ ዋጋ የሚለካው በሠሪው ኪስ ከሆነ፣ ለድሃውም የምንከፍለው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለምናዝንለት ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስባል። አልበሙ በሕጋዊው መንገድ በነጻ እየተሰጠ ሳለ እጅግ ብዙ ሰዎች የተሰረቁ ሥራዎች ከሚለዋወጡባቸው መረቦች ላይ አወረዱት። እነዚህን ሰዎች ዋጋው አልከለከላቸውም፤ የመራቸው ልማድ ነው። ሳይጠይቅ መውሰድ የለመደ እጅ፣ በሩ ተከፍቶለትም በመስኮት ይገባል።

ነጻነት በሌላው ባልንጀራ ላይ የሚያመጣውም ነገር አለ። ሶኒክ ዩዝ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አባል ኪም ጎርደን በ2009 በሬዲዮሄድ አካሄድ ላይ ቅሬታዋን ገልጻ ነበር። አሳቧ በአጭሩ፣ እንዲህ ያለው ስጦታ ሙዚቃቸውን በዚያ መንገድ ማቅረብ ያልቻሉትን ሁሉ መጥፎ ያስመስላቸዋል የሚል ነው። ይህን የተናገረችው ነጻ መውጣትን ጠልታ አይደለም፤ የእርሷም ባንድ በዚያው ዓመት ከትልቁ ኩባንያ ወጥቶ በአነስተኛ አሳታሚ በኩል አልበም አውጥቷል። ቅሬታዋ ሊሰማ ይገባል። ዝናውን በኩባንያ ገንዘብ ያገኘ ባንድ በነጻ ሲሰጥ፣ ገና ስም የሌለው ጀማሪ ለራሱ ሥራ ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል። የበረታ ሰው በልግስናው ሳያስበው ደካማውን ሊጫነው ይችላል።

ስለዚህ ከትልቅ ኩባንያ መውጣትን በራሱ እንደ ጽድቅ መቁጠር አይገባም። ሬዲዮሄድ ራሱ በ2011 ቀጣዩን አልበም ያለ ትልቅ ኩባንያ ሲያወጣ ቁርጥ ዋጋ ነበረው። ለነጻ መውጣት አርአያ ሆኖ ሲጠቀስ የነበረው ሬዝነር ደግሞ በ2013 አልበሙን ከትልቁ ኩባንያ ከኮሎምቢያ ጋር አወጣ። ከዳ አንለውም። ሰው ነጻ ከሆነ እንደገና ለመፈረምም ነጻ ነው። የሚመዘነው በየትኛው ቤት እንዳደረ ሳይሆን፣ በዚያ ቤት ሳለ ቃሉን መጠበቁና ባልንጀራውን ማሰቡ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ገዛ ስልካችን እንመልከት። በውስጡ ካሉት መዝሙሮችና ዘፈኖች ስንቱን ገዛን? ስንቱስ በብሉቱዝ፣ በፍላሽና በቴሌግራም ተላከልን? በእኛም ፊት በየቀኑ ባዶ ሳጥን አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በሬዲዮሄድ ታሪክ ሳጥኑን ባዶ ያደረገው ባለቤቱ ነው። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ባዶ ያደረግነው እኛው ነን። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ነገር ግን አንድ መዝሙር ከስልክ ወደ ስልክ ሲያልፍ ፖሊስ አይቆምም፣ ዳኛም አይሰየምም። እዚያ ቦታ ላይ ሕሊናችን ብቻ ነው ያለው።

ሁሉን መግዛት የሚችል የለም። ቢያንስ ግን የሠራው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። በሽያጭ ላይ ካለ ከወደድናቸው አንዱን እንግዛ። አቅም ከሌለን ከባለቤቱ ዘንድ ባለው በተፈቀደ መንገድ እንስማ፤ ሌላው እንዳይገዛ የሰውን ሥራ በአደባባይ አንበትን። ከሁሉ በፊት “ሁሉም ያደርገዋል” የሚለውን መልስ እንተው። በዚያ ባዶ ሳጥን ፊት እያንዳንዱ ሰው የተቀመጠው ለብቻው ነበርና።

የታሪኩ መጨረሻ እንዲህ ሆነ። ኢኤምአይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በመጨረሻ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ባንዱ በውሉ ዘመን የሠራቸው አልበሞች በ2016 “ኢን ሬይንቦውስ”ን በሲዲ ወዳወጣው አነስተኛ አሳታሚ ወደ ኤክስኤል ገቡ። ስድስተኛው አልበም ከወጣ 13 ዓመት አልፎ ነበር። የውሉ ወረቀት ስንት ባለቤት ለዋወጠ! በ2007 ያንን ሳጥን የሞሉት ሰዎች የጻፉት ቁጥር ግን ባለቤቱን አልለወጠም። ዛሬም የየራሳቸው ነው።