የእሁድ ድካም

እህቶቼ፣ እሁድ የማን ናት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ለምንሠራ ግን ቀላል አይደለም። የእረፍት ቀናችን ለሰኞ ሥራ ጉልበት መሰብሰቢያ ብቻ ከሆነች እሁድም የማዳም ናት ማለት ነው። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው መልሶ እንዲሠራ ነው። እኛ ግን ስልክ አይደለንም።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ ጓደኞቼ ናቸው። ለወራት እሁድ እሁድ እየተገናኙ ሰርከስና ሙዚቃ ሲለማመዱ ቆይተው በቅርቡ ጠርተው አሳዩን። አንዷ ክራር፣ አንዷ ከበሮ ትመታለች። ስድስቱ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ይገለባበጣሉ፣ ኳስ ይቀላልባሉ። አጠገቤ የተቀመጠች እህት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ወገባቸው ሲቆረጥ ከርሞ ባለቻቸው አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ይደክማሉ? ተኝተው አይውሉም?» አለች። ቀጥላም «በር የተቆለፈባት፣ ደሞዟን የተከለከለች እህት እያለች እኛ እዚህ መጨፈራችን ነውር አይደለም ወይ?» አለችኝ።

ሁለቱም የሚናቁ ጥያቄዎች አይደሉም። የመጀመሪያውን ልያዝ። ድካም ሁሉ አንድ ነው እንዴ? ጓደኞቼ ሦስት ከታች፣ ሁለት መሐል፣ አንዷ ከላይ ሆነው ተደራረቡ። ከታች ያሉት በእጅና በጉልበታቸው ተንበርክከው ነበር። ወለል ስንፈገፍግ የምንሆነው ልክ እንደዚያ ነው። አቀማመጡ ያው፣ ጉልበቱም ያው ነው። ልዩነቱ ግን ጀርባዋን የሰጠችው ወዳ ነው፤ የተሸከመችውም ጓደኛዋን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውን ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት።

ሌላም አየሁ። ኳስ ከምትቀላልበው እጅ አንዱ ወደቀ። እሷ ሳቀች፣ ሕዝቡ አጨበጨበላት፣ አንስታ ቀጠለች። ስንቶቻችን ነን አንድ ብርጭቆ ቢያመልጠን ከደሞዛችን የሚቆረጥብን? ሰው ቤት ጎበዝ ሠራተኛ የሚባለው ምንም የማይወድቅባት፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ካልጠሯት የማትታይ ናት። መድረክ ላይ ግን የጣለችም አንስታ ትቀጥላለች፤ መታየትም መሰማትም ይፈቀዳል። እንዲህ ያለ ድካም ጉልበት ይወስዳል፤ ሰውነትን ግን ለባለቤቱ ይመልሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ወገን እየተቸገረ መደሰት ይገባል ወይ? እኔ እንዲህ አስባለሁ። አገራችን ውስጥ ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በ2004 ደግሞ ፍካት ሰርከስ ተመሠረተ፤ ስሙ የአበባን መፍካት ያስታውሳል። የፍካት ልጆች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እየገቡ የታመሙ ሕፃናትን ያስቃሉ። ሕፃኑን «መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ትስቃለህ» የሚለው የለም። ሳቅ በሽታው ላለቀለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? ደስታ ችግር ሲያልቅ የሚከፈል ደሞዝ አይደለም። ችግር ውስጥ ሆኖም ሰው ሆኖ ለመቆየት ያስፈልጋል።

ግን የእህቴ ጥያቄ በዚህ አላለቀም። ዝግጅቱ የተፈጸመው ገና ሳይመሽ ነው፤ ከተጫዋቾቹ አንዷ ሰዓት ስላላት። ሰዓቱን የመረጠችው እሷ አይደለችም። ጭራሽ መውጣት የማይፈቀድላቸውም ብዙ ናቸው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። በ2011 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ግን በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ እረፍት ይገባታል ይላል። በዚያ እረፍቷም እዚያው ቤት ውስጥ እንድትውል አትገደድም። ይህቺን ሁለተኛዋን ልብ በሉልኝ። በሰው ሳሎን ተቀምጦ ማረፍ እረፍት አይባልም፤ ልጁ ሲያለቅስ የምትጠሪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ደስታችን ነውር ባይሆንም ዕዳ አለበት። ያየነውን ላላየችው መንገር አለብን። በረንዳ ላይ ቆማ የምታናግረን እህት ካለች «እሁድ ትገባሻለች» ልንላት ይገባል። የምትወጣ ሁሉ ላልወጣችው በሩን ገፋ አድርጋ ትቆይ።

ስለ እኔ ከጠየቃችሁኝ፣ በቴሌቪዥን ጎበዝ አርቲስት ሳይ አደንቅና እተኛለሁ። ጓደኛዬን ሳይ ግን ምክንያት አጣሁ። ያቺ ከላይ የቆመችው ሽንኩርት አብረን የምንከትፍ፣ በርበሬ የምንበዳደር ናት። እጇ እንደ እጄ በበረኪና የተላጠ ነው። እሷ ከቻለች እኔ «አልችልም» የምለው በምን አፌ ነው? እኔ መገለባበጥ አያምረኝም፤ ወገቤም አይፈቅድም። የምወደው መጻፍ ነው፤ እሱንም ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ይህን ጽሑፍ አራት እሁድ ፈጅቼ ጻፍኩት። ደክሞኛል፤ ድካሙ ግን የራሴ ነው።

እናንተስ እህቶቼ፣ እሁዳችሁን በምን ልትደክሙባት ትወዳላችሁ?