የሚጮኹትና የምታነበው

ነቀምት ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች አሉ። ትምህርት ቤት ሳትገባ የአጎቷን ያረጀ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛ ደጃፍ ላይ ትውል ነበር። አንደኛ ክፍል ገባች። እዚያ ማንበብ ማለት መጮኽ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳውን በዱላ ጫፍ ሲነካ፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው የተጣበቡት ልጆች ባንድ ድምፅ ያስተጋባሉ። እሷ ዝም። ክፍሉ ገጽ 6 ላይ ሲጮኽ የእሷ ጣት ከዴስኩ ሥር ገጽ 40 ላይ ነው። መምህሩ ከንፈሯን ብቻ አይቶ «ደካማ ናት፤ ትድገም» ብሎ ጻፈ። ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ለሚውል ሰው ፍርዱን ማክበድም አይገባም።

አባቷ ሊከራከርላት ሲገባ «አትናገሪም እንዴ!» እያለ ተቆጣት። ጥብቅና እንዲህ ከሆነ ክሱ ይሻላል። ትምህርት ቤት የሄዱት አኮ፣ አያቷ ናቸው።

«መምህር ልጄ፣ ጎበዝ ናት ልልህ አልመጣሁም፤ የልጅ ልጇን ሰነፍ የምትል አያት የለችም። ያላስተማርካትን ገጽ ስጣትና አጠገቧ ተቀመጥ። ቆመሽ አንብቢ ግን አትበላት።»

በእረፍት ሰዓት ተቀመጠ። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች በሹክሹክታ አነበበች፤ ገጹ ሲያልቅ ሳይነግራት ገለጠች። መምህሩ ደስታው ፈነቀለው። «ነገ ሰልፍ ላይ ወጥታ ታንብብ! የክፍል አለቃም አደርጋታለሁ!»

«ይኸው፣ አሁን ደግሞ ልትቀጣት ነው» አሉ አኮ። «አስቴር ጋኖን አታውቅም?»

ከዚያ የነገሩት ታሪክ የእውነት ነው። አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ወደ ዐረብ አገር ስትጋዝ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ከባሕር ላይ አስጣሏት፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ የነበረው ኦነሲሞስ ነሲብ እሱም በሕፃንነቱ የተሸጠ ነበርና፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ ቃል ያጥረው ነበር። ያጣው ቃል እሷ ዘንድ ነበር። ብዕርና ሥራ ሰጣት። አምስት መቶ ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች፤ ብዙው በ1894 በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገባ። በ1899 በታተመው መጽሐፍ ቅዱስም ድካሟ አለበት። በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ሄዶ ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ አስቴርም አስተማሪ ሆነች።

«ሰልፍ ላይ አላወጣትም» አሉ አኮ። «ሥራ ነው የሰጣት።»

መምህሩ ራሱን አከከ። «እኔስ ምን ልስጣት፣ እማማ? የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሌሎቹም አዳላ ይሉኛል።»

«እነሱ ሲጮኹ እሷ ከእኔ የሰማችውን ተረት ትጻፍ። ስትሳሳት በቀዩ እስክሪብቶ አርማት፣ እንዳታዝንላት። የጻፈችውን አጠገቧ ላሉት ለሦስቱ ታንብብላቸው፤ ሰልፉ ሲደርስ ይደርሳል። እነሱም ተረት ካገኙ ማን አዳላ ይልሃል?»

«ተረቱ ሲያልቅብዎስ?»

«የእኔ ቶሎ አያልቅም። እስከዚያ አንተ ቁልፉን ታስፈታለህ።»