የጠጣነው ውሃ

ሰው ለገዛ ደስታው ብሎ፣ ሌላው በችግር ወደሚኖርበት አገር ቢወርድ፣ ዕዳ ይገባበታል ወይስ አይገባበትም? ይህ ጥያቄ የመጣብን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከጥማት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አራት ሆነን ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ቡሬ ገባን። ከዚያ ጥቂት በጭነት መኪና ተጉዘን ወደ ዓባይ በረሃ በእግራችን ወረድን። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ላይ ላዩን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት ነው። በዚያ ወር ፀሐይ ከላይ፣ ድንጋዩ ከታች ያቃጥላል። ከመካከላችን አንዱ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «ሰው የማይኖርበት ምድረ በዳ» ብሎ ጻፈ። ሁላችንም «እውነት ነው» አልን።

እኩለ ቀን ላይ ውሃችን አለቀ። ወንዙ ከሩቅ ይታያል እንጂ አይደረስበትም። ከተዳፋቱ ላይ አንዲት ጎጆ አየንና ተጠጋን። የቤቱ እናት ጀሪካን ከጀርባቸው አውርደው ገመዱን ይፈቱ ነበር፤ ላባቸው ገና አልደረቀም። «ልጆቼ፣ ወደ ጥላው ግቡ» አሉና በቅል ቀዱልን። ጠጣን። ደገምን። ምንጩ የት እንደሆነ የጠየቅነው ከጠገብን በኋላ ነው። በእጃቸው ወደ ታች አመለከቱን፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አንዱ ጓደኛችን ብር አወጣ። «ምነው ልጄ፣ ውሃ ይሸጣል እንዴ?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ብሩን ኪሱ መለሰ።

ዳገቱን ስንወጣ ተከራከርን። አንዱ «እምቢ ማለት ነበረብን» አለ። ሌላው «የቀረበለትን የማይቀምስ እንግዳ ባለቤቱን ይንቃል» ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ደግሞ «በፈቃድ የተሰጠ ነገር ስጦታ ነው፤ ስጦታ ዕዳ የለበትም» አለ። ሁሉም እውነት አላቸው። ነገር ግን ውሃው በፈቃድ ስለተሰጠ ሸክሙ አይቀልም። እኛ በአንድ ትንፋሽ የጨረስነው የአንዲት እናት ግማሽ ቀን ነው።

እዚሁ ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሶ ከምንጩ ቀዳና ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ከዚያም የዓባይን ምንጭ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ለዓለም አወራ። ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. አይቶት ነበር። ከፓኤዝም በፊት የአገሩ ሰው ሲያከብረውና ሲጠጣው ኖሯል። ብሩስን መውቀስ ቀላል ነው። እኛስ? የአገሩ ልጆች ነን እያልን «ሰው የማይኖርበት» ብለን ከጻፍን በኋላ የነዋሪውን ውሃ አልጠጣንም?

ያችን መስመር ሰርዘናል። መሰረዝ ግን ዕዳ አይከፍልም። የሚያሳፍረን ሌላም አለ፦ ጀሪካኑን ተሸክመን ወደ ምንጩ እንውረድ የሚለው ሐሳብ የመጣልን ቡሬ ተመልሰን ሻይ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ነው። አራት ጎረምሶች ነበርን። ጊዜም ነበረን። ልባችን ግን የራሳችንን ጥማት እንጂ የእርሳቸውን ጀርባ አላየም።

አገርን ለማየት መውረድ በደል ነው አንልም። በደሉ የተሸከመውን ጀርባ ሳያዩ መጠጣት ነው። እንግዲህ ከፈተና በኋላ ወደዚያ የምትወርዱ ባልንጀሮቻችን፣ ውሃችሁን ከደጋ ይዛችሁ ውረዱ። ካለቀባችሁና ቅሉ ከቀረበላችሁ ጠጡ፤ እምቢ አትበሉ። ነገር ግን ምንጩ የት እንደሆነ ከመጠጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ጀሪካኑ ባዶ ከሆነም ገመዱን አንሡ።