የሳይንስ ግኝትና የጠቢቡ ኃላፊነት

ሳይንስ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ካገኛቸው መሣሪያዎች ሁሉ የላቀው ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ ራሱን አያዝም። ስለዚህ አንድ ግኝት ለጥፋት በዋለ ጊዜ ተጠያቂው ማን ነው? ያዘዘው ነው፣ የተኮሰው ነው፣ ወይስ አስቀድሞ የፈለሰፈው?

ቀጥቃጭ ማጭድም ጦርም ይሠራል፤ ገዢው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም የሚል መልስ አለ። መልሱ ለቀጥቃጩ ይበቃ ይሆናል፤ ለፍሪትዝ ሃበር ግን አይበቃም። ይህ ጀርመናዊ ኬሚስት የአየርን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ የሚገኝበትን ዘዴ በመፈልሰፉ የ1918 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ በጎረቤላና በአንኮበር ደጋ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ የሚበትነው ዩሪያ የዚያ ግኝት ፍሬ ነው። ሆኖም ይኸው ሰው ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. በቤልጅግ፣ በኢፕር ግንባር፣ የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅ በቦታው ተገኝቶ ሥራውን መርቷል። ጦሩ በማን እጅ እንደሚገባ ያልታወቀው ቀጥቃጭ አልነበረም፤ ወርዋሪውም እርሱ ራሱ ነበር።

በዚያ ግንባር የተከፈተው መንገድ ተራሮቻችን ድረስ ዘለቀ። ኢጣሊያ በጦርነት ላይ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበችብን። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ላይ፣ በአመጸኛ ዋሻ የተጠለሉትን የአርበኛውን የአበበ አረጋይን ተከታዮች፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ሳትለይ፣ በመርዝ ፈጀች። የኢጣሊያ መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነበር።

ሃበር በ1926 ዓ.ም. ስለ ሞተ የዘረትን ሰዎች ገደለ አንልም። ነገር ግን ላቦራቶሪ የጦር ሠፈር፣ መርዝም የሊቅ ሥራ ተብሎ እንዲከበር መንገድ ከጠረጉት ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። «ያደረግሁት ለአገሬ ነው» የሚል ጠበቃ ይነሣ ይሆናል። የኢጣሊያው ኬሚስትም ይህንኑ ሊል ይችላል። ቃሉ ግን በዋሻው ደጃፍ ቆሞ ሲነገር ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ዕዳው በማወቅ ይለካል። አሞኒያን ያገኘ ሰው ከሺህ አገልግሎቶቹ መካከል ክፉውን ሁሉ አስቀድሞ ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ዕውቀትን እናግድ ማለት ረኃብን መጥራት ነው። አንድ ሥራ ከመግደል በቀር ሌላ ጥቅም እንደሌለው እያወቀ የሚሠራ ጠቢብ ግን ከአዛዡ ጀርባ ሊደበቅ አይገባውም። ያወቀ እንቢ ማለት፣ እንቢታው ቢያቅተውም ለሕዝብ መናገር ግዴታው ነው።

ይህ ፍርድ ለኬሚስቱ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስለን። መምህሩ ለተማሪው ቀመሩን ሲያስተምር ዘረትንም ያስተምር። እኛ ባለ ብዕሮችም ብንሆን ቀረርቶ ስንገጥም፣ ፉከራ ስናሰማ፣ ቃላችን በማን ላይ እንደሚወድቅ እንጠይቅ። ቃልም እንደ ጋዝ ነው፤ አንዴ ከተለቀቀ ነፋሱን አይመርጥም።