የአላህ ውሳኔና የእኛ ድርሻ



ባለፈው ክረምት በሠፈራችን አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ሕፃኗን አጣች። ልጁን የወሰደው ተቅማጥ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እንደ ወጉ እናጽናናት ጀመር። ተራዬ ሲደርስ እኔም «እህቴ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፤ የአላህ ውሳኔ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ውሳኔውንስ ተቀብያለሁ ወንድሜ። ሽንት ቤቱ ግን ዛሬም እንደሞላ ነው። ትልቁ ልጄም የሚጫወተው እዚያው በር ላይ ነው» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ሽንት ቤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስምንት አባወራ በጋራ የሚጠቀምበት ነው። ከሞላ ቆይቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር እየገነፈለ በቤቷ ደጃፍ በሚያልፈው ቦይ ይወርዳል። ከላይ በኩል የምንኖረው አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። ለለቅሶው ድንኳንና ለቡናው ገንዘብ ለማዋጣት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ሽንት ቤቱን ለማስመጠጥ ግን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሰበሰብንም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ እረፍት ነስቶኛል። ድሃ በታመመና በሞተ ቁጥር «የአላህ ውሳኔ ነው» ስንል እምነታችንን እየገለጽን ነውን? ወይስ ከተጠያቂነት እያመለጥን?

በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ሐዘንተኛ የምትጽናናው በዚህ ነው፤ ማንም ሊነጥቃት አይገባም። ጥያቄው ይህ እምነት የሌሎቻችንን እጅ ያስራል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ከሰሓቦች ዘመን አለን። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን መንገድ ላይ ሰሙ። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ ቀጥሎም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመርም አዎን፣ የምንሸሸው ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ምሳሌም አከሉ። ግመሎች ያሉት ሰው አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ ቢወርድ፣ በለምለሙ ቢያሰማራም በደረቁ ቢያሰማራም ሁለቱም በአላህ ውሳኔ መሆኑን አስረዱ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የምንጠቅሰውም አብዛኛውን ጊዜ ጥንቃቄ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ለማስረዳት ነው። ከዚያች እናት ድንኳን ከወጣሁ በኋላ ግን በምሳሌው ውስጥ ሌላ ነገር ታየኝ። ግመሎቹ የሚሰማሩበትን ወገን አልመረጡም። የመረጠው እረኛው ነው። የዘጠኝ ወር ሕፃንም ከሞላ ሽንት ቤት አጠገብ ልደግ ብሎ አልመረጠም። እናቱም እዚያ የተከራየችው አቅሟ የሚፈቅደው ቤት እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና ስለምንጠብቀው መንጋ እንደምንጠየቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ደግሞ ማናችንም አንዘነጋውም።

ነገሩ የአንድ ሠፈር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻዋን የደፋችበትን ቆሼን እናስታውስ። በዚያው አካባቢ ከሠፈሩት መካከል ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየገጠሩ መጥተው ወደ መንደራቸው መመለስ ያልቻሉ ወገኖችና ልጆቻቸው ይገኙበታል። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ አብዛኛው ሰውም በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ያም ሆኖ ኅብረተሰቡ ሸሻቸው። ሰው የሸሻቸው ሰዎች ከተማው ቆሻሻውን በሚጥልበት ሥፍራ ጎረቤት ሆኑ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ል ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያን ጊዜም «የአላህ ውሳኔ ነው» አልን። እውነት ነው፤ ነው። ነገር ግን ያንን ተራራ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የከመርነው እኛው ነን። የእኔም ቤት ቆሻሻ እዚያ ነበረበት።

«ድሃው ራሱ ይዝረከረካል፤ እጁን ቢታጠብ አይታመምም ነበር» የሚሉ አሉ። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ንጽሕናን በውዱእ በየቀኑ የምንማር ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ ቀላል ይመስለናል። ሆኖም ቧንቧ ሳምንት ሙሉ ሲጠፋ ውሃ በጀሪካን የምትገዛ እናት ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለእጅ መታጠቢያና ለልጅ ልብስ ያንኑ 20 ሊትር ታብቃቃለች። ምክር አልጎደላትም፤ ውሃ ነው የጎደላት። ልጅዋ በተቅማጥ ሲያዝ ጤና ጣቢያ ወስዳ ኦ.አር.ኤስ አጠጥታው ሊድን ይችላል። ነገር ግን የሚመለሰው ወደዚያው ቦይ ነው። ደጋግሞ የታመመ ሕፃን የሚበላው አይረጋለትም፤ ይቀጭጫል፤ የተዳከመውን ደግሞ የሚቀጥለው በሽታ በቀላሉ ይጥለዋል።

ለውጥ እንደሚቻል ከራሳችን አገር ማስረጃ አለ። በ1992 ዓ.ል በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር ታውቋል። በ2008 ዓ.ል ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በእነዚህ ዓመታት ክትባት ተስፋፋ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ። ሞት ከአላህ ውሳኔ ወጥቶ ነውን? አይደለም። ብዙ ሕፃናት ከደረቁ ወገን ወደ ለምለሙ ስለተሰማሩ ነው። እንግዲያው በ1992 ለሞቱት «ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» ማለት አንችልም። ለቀሪዎቹ 67ቱም ማለት አንችልም።

የፍሳሽ መስመርና የቧንቧ ውሃ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ያለመታከት መጠየቅም አለብን። ሆኖም እርሱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ከታሪካችን ጋር አይሄድም። የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለተጠሙ ሑጃጆች አንድ አንድ ዋንጫ በማደል አልተወሰነችም፤ ውሃውን ወደ መካ የሚያደርስ ቦይ አሠራች። ትውልዶች ጠጡበት። እኛ ግን ለታመመ መድኃኒት መግዣ፣ ለሞተ ከፈን ማዋጣት ይቀናናል። መልካም ነው፣ አጅሩም አይጠፋም። የሚያሳፍረው የበሽታውን ምንጭ እያየን በዚያ መወሰናችን ነው።

ያን ሽንት ቤት በመጨረሻ አዋጥተን አስመጠጥነው። ለስምንት አባወራ ግን ጠባብ ነውና ከጥቂት ወራት በኋላ መሙላቱ አይቀርም። ሁለተኛ ጉድጓድ ለማስቆፈር በእድራችን መነጋገር ጀምረናል፤ ገና አልተስማማንም። እናትየውን መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላም ትለኛለች፤ ስለ ውሳኔ ግን ደግሜ አላነሳሁባትም። ሶብር የእሷ ድርሻ ነበር፤ ተወጥታዋለች። የእኛው ገና ይቀራል።

ወላሁ አዕለም።