ሁለት ካምፖች፣ አንድ ዓመት



ደብረ ታቦር የሚኖር አንድ ወጣት ወንድማችን «ማታ ማታ የግድያ ፊልም ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ወንጀል አለብኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚያየው «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም 9ኛ ሲዝን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢሆንም ታሪኩ የሚካሄደው በ1984 ነው፤ ካሴት፣ ደማቅ የስፖርት ልብስ፣ የወጣቶች የዕረፍት ካምፕ፣ በጨለማ ቢላዋ ይዞ የሚያሳድድ ሰው።

«ግድያ ሰልችቶህ ግድያ ታያለህ?» አልኩት።

«የፊልሙ በ9 ክፍል ያልቃላ» አለኝ።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ የክልላችንን ምሽት ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ይገባዋል። አልፈረድኩበትም። ለአንድ ሰዓት መርሳት ዕረፍት ነው። እኔን የቆረቆረኝ ዓመቱ ነው።

ፊልሙ በናፍቆት ያስዋበው 1984 እኛ ዘንድ «ሰባ ሰባት» የጀመረበት ነው። መስከረም 2 ቀን 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በሰልፍና በመብራት አደመቀ። ወሎና ትግራይ እየተራቡ ነበር፤ በዓሉ እንዳይደበዝዝ ረሃቡ ተሸፈነ። ዓለም በአይኑ ያየው በጥቅምት ነው፤ ኬንያዊው ካሜራማን ሙሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው በቢቢሲ ሲታይ።

እኛም ካምፕ ነበረን፣ እብናት ላይ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ። በሚያዝያ 1977 የረሃብ ተረጂዎቹ በባለሥልጣናት ትእዛዝ እንዲወጡ ተደረገ። ገና ያላገገሙ ሰዎች፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በእግራቸው ወደ መጡበት ተሰደዱ። ጎጆዎቻቸው ተቃጠሉ። ይህን ማንም በሲንተሳይዘር ሙዚቃ አጅቦ አላሳየንም።

ፊልሙ ራሱ ፖለቲካ የለበትም ይባላል። (ያልጨረሳችሁት ቀጣዩን ዝለሉት።) የካምፑ ባለቤት ማርጋሬት ሃይማኖተኛ ነኝ ባይ ናት፤ ከ1970ው እልቂት ተርፌያለሁ ብላ የካምፑን ሠራተኛ በገዳይነት ከሳለች። ግን ገዳይዋ እሷው ሆና ትገኛለች። ቡህታን ማለት ይህ ነው። ሁሉም ሰው የሚያምነው የእሷን ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት። በኋላም በዚያው ደም ትነግድበታለች። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ የለም።

ስለዚህ መርሳት ሁሉ አንድ አይመስለኝም። ደክሞህ አይንህን ስትጨፍን፣ ስታርፍ ትገልጠዋለህ። የመስከረሙ መብራት ግን አንተ እንድታርፍ አልተተከለም፤ ወደ ሰሜን እንዳታይ ነው። ዛሬም ስልካችን ላይ የሚወርደው ሁሉ፣ ፊልሙም የየወገኑ ቪዲዮም፣ ከየትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አይለይም። እኔም ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ።

ለወንድማችን «መተኛት ወንጀል አይደለም፤ ግን ስለ እብናት ሰምተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አያቴ ከዚያ ናት» አለኝ። «ስለ ሰባ ሰባት ጠይቄያት አላውቅም።»